ከኋላ አራተኛው

አገሩ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ብነግራችሁም አትሄዱበትም። ሄዶ የተመለሰ ሰው ካገኛችሁ እሱን ጠይቁት፣ እኔን ለቀቅ አድርጉኝ። እኔ የማውቀው በዚያ አገር እስረኛ በስሙ እንደማይጠራ ነው። እስር ቤቱም እንደ ሌላው አገር ክፍልና ቁልፍ የለውም። ከገደሉ ሥር ካለው ዋናው በር ጀምሮ ድንጋይ ከድንጋይ ኋላ ተደርድሯል፤ በየድንጋዩ አንዳንድ ሰው እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ይቀመጣል፤ ሁሉም ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ የፊተኛውን ሰው ማጅራት ሲያይ ይውላል። አዲስ እስረኛ በጓሮ መዝጊያ ይገባና ከመጨረሻው ሰው ኋላ ድንጋይ ይጣልለታል። ዞሮ ማየት ክልክል ነው። ሰዉ ይህን ቦታ «ረድፉ» ነው የሚለው።

ከረድፉ ሰው ቢሞት ወይም ቢፈታ ሌላው ተጠግቶ ቦታውን አይሞላም። ሰው ይሄዳል እንጂ ቦታ አይሄድም ይላል ሕጉ። ስለዚህ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ባዶ የቀሩ ድንጋዮች እንዳሉ አሉ። ለባዶዎቹም ጠዋት ጠዋት ውሃ ይቀዳላቸዋል፣ ማታ ማታ ይደፋላቸዋል። ይኼ ለምን ያስፈልጋል ብሎ የጠየቀ ሰው እንደነበረ ሰምቻለሁ፤ እሱም አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ንጉሡ በየዓመቱ በእሸት በዓል አንድ እስረኛ ይፈታሉ። ስም አይጠሩም፣ ቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ቁጥሩም ሁልጊዜ ከፊት ነበር። ከፊት ሰባተኛ፣ ከፊት ዐሥራ አንደኛ እያሉ እዚያው በሩ አካባቢ ይሽከረከራሉ። ከፊት ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ ከመቆየታቸው ብዛት የሚሄዱበት ቤት የላቸውም፤ ተፈትተው በሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ የታዩ አሉ። ጭራ ላይ ያለው ግን ቤቱ ትኩስ ነው። ሚስቱ ገና ልብሱን አልሰጠችበትም፣ ውሻው ገና ድምፁን አልረሳም።

ከእነዚህ የጭራ ሚስቶች አንዷ ማንጠግቦሽ ነበረች። ሰሌን እየሠራች ትኖራለች። ባሏ ይርዳው ኮርቻ ሠሪ ነው፤ ጥፋቱም አዋጅ ሲነበብ ማዛጋቱ ነው። ያዛጋው ደግሞ የአዋጅ ነጋሪውን የበቅሎ ኮርቻ ለማድረስ ሲሰፋ አድሮ ነው። ይህን ለዳኛው ቢናገር ዳኛው ኮርቻው ደረሰ ወይ ብለው ጠየቁት። ደርሷል አለ። እንግዲያማ ሥራ ፈት ነህ ብለው ፈረዱበት። ይገርማል፤ ግን ከዚያ አገር ሰው ማንም አልገረመውም።

ታዲያ ማንጠግቦሽና የቀሩት የጭራ ቤተሰቦች ተሰብስበው አደባባይ ወጡ። ንጉሥ ሆይ፣ ከፊት ሲቆጠር እኛ ጋ ሳይደርስ ዕድሜያችን ያልቃል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከኋላ ይቆጠርልን ብለው ለመኑ። ንጉሡ አዲስ ነገር ይወዱ ነበርና ደስ አላቸው። በዚያው ቀን «ከኋላ ሁለተኛው ይፈታ» ብለው አዘዙ። ከኋላ ሁለተኛው ማን ነው? ይርዳው! ከእሱ ኋላ ያለው ሸማኔው አስራደ ብቻ ነበር። ማንጠግቦሽ ቤቷ ሄዳ ጋቢውን አጠበች፣ አሰጣች፣ ሳይደርቅ አንስታ እንደገና አጠበችው።

የረድፉ አዛዥ በዚያን ጊዜ ወንዳፍራሽ የሚባል ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቆጠራ የሚያውቀው ግን ከፊት ብቻ ነው። ትእዛዙ ሲደርሰው አንደኛው ድንጋይ ላይ እጁን ጫነና ከዚያ ወደ ኋላ ልቁጠር ብሎ በጀርባው መሄድ ጀመረ። በሩን አልፎ ገደሉ ጋ ደረሰ። እዚያ ሰው የለም። የለም ብሎ መመለስ ደግሞ የንጉሥን ቃል ባዶ ማድረግ ነው። ስለዚህ ወታደሮቹን ገደሉን ውጡ፣ ከኋላ ሁለተኛውን ሳትይዙ እንዳትመጡ አላቸው። ወታደሮቹ ሄዱ። ገደሉን ወጡ፣ ቆላውን ወረዱ፣ የጨው ሜዳውን አቋረጡ፣ ድንበሩን ይዘው አገሩን ዞሩት። ጫማቸው አልቆ በባዶ እግራቸው ሲመጡ ከየት በኩል የመጡ ይመስላችኋል? በጓሮ መዝጊያ! መንገድ ላይ ያገኙትን አንድ የባዕድ አገር ጨው ነጋዴም ይዘውት ነበር፤ ሁለተኛ ያገኙት ሰው እሱ ነውና።

ሰውየው ይፈታ እንዳይባል አልታሰረም። ስለዚህ ለመፍቻው ያህል በገመድ አሰሩትና ከበሮ እየተመታ ፈቱት። ምን አጥፍቼ ነው ብሎ ጠየቀ። ምንም፣ ነፃ ነህ አሉት። አህያውን እንኳ ሳይጠይቅ እግሬ አውጪኝ አለ። ማንጠግቦሽ አዛዡ እግር ላይ ወድቃ ባሏ ከጓሮው መዝጊያ አጠገብ እንደተቀመጠ፣ በአጥሩ ቀዳዳ እንደሚታይ ነገረችው። ወንዳፍራሽ ከልቡ አዘነላት፤ አዝኖም እንዲህ አላት፦

«ስሚኝ እኅቴ፣ ኋላ ማለት የአንደኛው ኋላ ነው። ያንቺ ባል ያለው ፊት ነው።»

በዓመቱ ወንዳፍራሽ ተሻረ፤ የተሻረበት ምክንያት ግን የወታደሮቹ እግር መቁሰሉ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። በቦታው አዛዥ ሳህሉ መጣ። ሳህሉ ኋላ የት እንደሆነ ያውቃል፤ ይህ ሲሰማ የጭራ ቤተሰቦች ሰፈር እልል አለ። በመካከሉ ግን ሁለት ነገር ሆኗል። አንደኛ፣ ጉልላት የተባለ በግ ነጋዴ በጉ በጸጥታ ሰዓት ስለጮኸበት ታስሮ ከሁሉም ኋላ ተቀምጧል። ሁለተኛ፣ ሸማኔው አስራደ ሳል ይዞት እዚያው ድንጋዩ ላይ ሞቷል።

የአስራደ ሚስት ዘርፌ የማንጠግቦሽ የግድግዳ ጎረቤት ነች። ማንጠግቦሽ ለቅሶው ላይ ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ግን ቆጠረች። አስራደ ከሌለ ከኋላ አንደኛ ጉልላት፣ ሁለተኛ ይርዳው። ይህን ማሰቧን ባወቀች ጊዜ ራሷን ጠላች፤ ግን ማሰቧን አልተወችም። ንጉሡም ቁጥሩ ጣፍጧቸው ኖሮ ዘንድሮም «ከኋላ ሁለተኛው ይፈታ» አሉ።

አዛዥ ሳህሉ በጓሮ መዝጊያ በኩል መጣ። ጉልላትን ነካና «አንድ» አለ። ማንጠግቦሽ በአጥሩ ቀዳዳ ትንፋሿን ይዛ ታያለች። ሳህሉ አንድ እርምጃ ሄደና በባዶው ድንጋይ ላይ፣ አየሩ ላይ እጁን ጭኖ «ሁለት» አለ። ቦታ ነዋ! ቦታ አይሄድም ተብሏል። ቀጥቃጩ ቀርቦ የሌለ እግር ላይ ያለውን ሰንሰለት በመዶሻ ሰበረ። ለተፈቺ የሚሰጠውን ነጭ ጋቢ አለበሱት፤ ጋቢው መሬት ወደቀ። አንድ ወታደር አፍሮ አነሣውና ሰው ያለበት አስመስሎ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው። ከበሮ እየተመታ፣ እየተዘፈነ ጋቢውን ዘርፌ ደጅ አደረሱትና ባልሽን ተረከቢ አሏት።

ዘርፌ ትጮሃለች፣ ትራገማለች ብሎ ሰዉ ጠበቀ። እሷ ግን ጋቢውን አየችና ከበሩ ዘወር ብላ አሳለፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሶቡ አጠገብ የእሱን መቀመጫ ታስቀምጥለታለች። አብዳለች ያሉ ነበሩ፤ ማንጠግቦሽ ግን አንድም ቀን አላለችም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ማንጠግቦሽ ነገሩ ገባት። ማንም ሰው በጥፋት ቢታሰር ከኋላ ይገባል፤ ከኋላ በገባ ቁጥር የይርዳው ቁጥር ከነበረበት ይንሸራተታል። ስለዚህ ቁጥሩ እንዳይነካባት ሰው መታሰር የለበትም። ሰሌኗን ትታ የሰፈሩን ሥነ ሥርዓት መጠበቅ ጀመረች። የሚጣሉ ጎረቤታሞች መካከል ገብታ ትገላግላለች። በጸጥታ ሰዓት የበጎችን አፍ በሻሽ ታስራለች። አዋጅ በሚነበብበት ቀን በሕዝቡ መካከል እየዞረች ዓይኑ የከበደውን ሁሉ በሰሌን መስፊያዋ ወጋ ታደርገዋለች። እናንተዬ፣ እንደዚያ ዓመት ያለ ጨዋነት በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው አልታሰረም። ዳኛውም ሥራ ስላጡ በአደባባይ አመስግነው የሥርዓት እናት ብለው ሸለሟት።

ንጉሡ በዚያ ዓመት «ከኋላ ሦስተኛው» አሉ። ጉልላት፣ ባዶው፣ ይርዳው። ልክ ሦስተኛ! አዛዡ ደግሞ ተቀይሮ ክንፉ የሚባል የተማረ ሰው መጥቷል። ክንፉ ቆጠራውን ሳያዛንፍ ይርዳው ጋ ደረሰ፣ አስነሣው፣ ዙሪያውን ዞሮ አየው። ሹማምንቱም ተራ በተራ አዩት። ቁመናውን አመሰገኑ። ከዚያ ተቀመጥ አሉት፣ ተቀመጠ። ከኋላ መጥራት ተፈቅዷል፣ ከኋላ ማየትም ተፈቅዷል፤ ከኋላ መፍታት ግን የትም አልተነገረም አለ ክንፉ። ለመፍታት ከፊት ስንተኛ እንደሆነ መነገር አለበት። ታዲያ ከፊት ቁጠረዋ ሲባል፣ የንጉሡ አፍ ከኋላ ብሏል፣ እኔ ማን ነኝ የምለውጠው አለ። ማንጠግቦሽ በዚያን ቀን ቤቷ ገብታ ተኛች፤ ዘርፌ ውሃ እያጠጣች ሰነበተች።

ለካ ይህኛው ወሬ ንጉሡ ጆሮ ደርሶ አናዷቸው ኖሯል። በአራተኛው ዓመት ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብሎ ጥርት ያለ አዋጅ አስነገሩ፦ ከኋላ የሚቆጠረው ከመጨረሻው ሰው ተነሥቶ ነው፤ ባዶም ይቆጠራል፤ የተጠራ ይታያል፣ የታየ ይፈታል። አዲሱ አዛዥ ምትኩም ነገር የማያበዛ፣ የተባለውን የሚሠራ ሰው ነው። ሰዉ እፎይ አለ። ነጋሪው አዋጁን ሲጨርስ ንጉሡ በቸርነታቸው አንድ ነገር እንደጨመሩ ተናገረ፦ «ዓምና ሦስት ብዬ ነበር፤ ዘንድሮ አንድ ጨምሬላችኋለሁ። ከኋላ አራተኛው ይፈታ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ማንጠግቦሽ ብቻ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከኋላ አራተኛው ከይርዳው ፊት ያለው፣ ማንም የማያስታውሰው ያረጀ ባዶ ድንጋይ ነው። ያ ድንጋይ ነጭ ጋቢ ሊለብስ ነው፤ ባሏ ደግሞ ሌላ ዓመት ማጅራት የሌለውን አየር እያየ ሊቀመጥ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ከኋላ ቢገባ ይርዳው አራተኛ ይሆን ነበር።

ጥፋተኛ ፍለጋ ወጣች። ግን ከየት ይምጣ? ሰዉን ራሷ አርማዋለች። የታወቀው ሰካራም ጋ ሄዳ አንድ ቀን እንኳ ብትሰድብስ አለችው። ባንቺ ምክር ከተውኩ ዓመት አለፈኝ ብሎ እጇን ሳማት። የሚደባደቡት ወንድማማቾች አብረው እህል ሲያበራዩ አገኘቻቸው። በጎቹ እንኳ ሻሽ ለምደው ሰዓቱ ሲደርስ ራሳቸው ዝም ይላሉ። ዘርፌ ይህን ሁሉ አይታ እኔ ልግባልሽ አለቻት። ማንጠግቦሽ አቀፈቻት፣ ግን እሺ አላለችም።

«አንቺማ ቤትሽ ሰው አለ» አለቻት።

በማግስቱ ማንጠግቦሽ አደባባይ ሄዳ አዋጁ እንደገና ሲነበብ ፊት ለፊት ቆመችና መንጋጋዋ እስኪሰነጠቅ አዛጋች። ዳኛው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሥርዓት እናት ስለ እኛ ደክማ ነው፣ ወንበር ስጧት አሉ። ወንበር መጣላት። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ደግማ አዛጋች። ትራስ ጨመሩላት። መንግሥት እንዲህ ሰውን ሲያከብር ጥፋት መሥራት እንዴት ከባድ ነው! በመጨረሻ ትራሱን ወርውራ ብድግ አለችና «አዋጁ ያሰለቻል!» ብላ ጮኸች።

 ነጋሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። አፍ ደግሞ ሲከፈት የሚያመጣውን ታውቃላችሁ፤ ነጋሪው አዛጋ። ከነጋሪው ወደ ወታደሩ፣ ከወታደሩ ወደ ሰካራሙ፣ ከዚያ ወደ ወንድማማቾቹ ተዛመተ። ለአራት ዓመት የታፈነ ማዛጋት በአንድ ጊዜ ወጣ። ዳኛው ራሳቸው በእጃቸው ጀርባ አፋቸውን ሲከልሉ ታዩ። ማንጠግቦሽ ቆጠረች። ይህ ሁሉ ሰው ከታሰረ ረድፉ እስከ ወንዙ ይደርሳል፤ ይርዳውም ከኋላ መቶኛ ምናምንኛ ይሆናል። ዳኛው ፊት ተደፋች።

«ጌታዬ፣ ያዛጋሁት እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ ተገርመው ነው አፋቸውን የከፈቱት። እርስዎም ተገርመው ነው።»

ዳኛው ጥቂት አሰቡ። የራሳቸውም አፍ ጉዳይ ስለነበረበት ክርክሩ ጥሩ መስሎ ታያቸው። መገረም ጥፋት አይደለም ብለው በየኑ፤ ማንጠግቦሽን ብቻ ወደ ረድፉ ስደዷት አሉ። እሷም ዳኛውን ከልቧ መረቀቻቸው። ስትወሰድ ዘርፌን ጠርታ አንድ ነገር አስማለቻት፦ ይርዳው ቤት ሲመጣ ገበያ ሄዳለች በይው፣ ሩቅ ገበያ።

በጓሮ መዝጊያ አስገቧት፣ ከጉልላት ኋላ ድንጋይ ተጣለላት፣ ሰንሰለቱ ታሰረ። ቀና ስትል የጉልላት ትከሻ አለ፤ ከእሱ ባሻገር ባዶው ድንጋይ አለ፤ በባዶው በኩል ደግሞ የይርዳው ማጅራት ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአጥር ቀዳዳ እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም። ፀጉሩ ሸብቷል። አንገቱ ቀጥኗል። ቀኝ ትከሻው ድሮም ኮርቻ ሲሰፋ እንደሚያደርገው ዘንበል ብሏል። ስሙን ልትጠራው አፏ ድረስ መጣ። ብትጠራው ይዞራል፤ ቢዞር ሌላ ጥፋት ነው። ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ዋጠች። እስከ በዓሉ ድረስ ማጅራቱን እያየች ቆየች፣ እውነቱን ለመናገር ደስተኛ ነበረች።

በበዓሉ ቀን አዛዥ ምትኩ ጭንቅላቷን ነክቶ «አንድ» አለ። ጉልላትን ነክቶ «ሁለት»፣ አየሩን ነክቶ «ሦስት»፣ ይርዳውን ነክቶ «አራት» አለ። አላስነሣም፣ አልዞረም፣ አላደነቀም። ቀጥቃጩ ሰንሰለቱን ሰበረ፤ ነጩ ጋቢ ሰው አገኘ። ይርዳው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚራመድ ሕፃን እየተንገዳገደ በባዶዎቹና በሽማግሌዎቹ መካከል ወደ ዋናው በር ሄደ። ተፈቺም ዞሮ ማየት አይፈቀድለትምና አልዞረም። እየሄደ ከጋቢው ጫፍ አቧራ ሲያራግፍ አየችው፤ ለማን ብሎ እንደሚያምር ታውቃለች። ከበሩ ወጣና ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ለምን ላርዝምባችሁ። ከፊቷ ጉልላት፣ ከኋላዋ መዝጊያው። ይርዳው አሁን እሳት ያነድዳል፣ አሁን አልጋው ላይ ጋደም ብሏል፣ አሁን ዘርፌን ገበያው ምን ያህል ይርቃል ብሎ ይጠይቃታል እያለች ታስባለች። ሰሌኑን በጀመረችበት ጥላው መሄዷ ይቆጫታል፤ ቢያገኘው ይጨነቃልና። በረታሁ ትላለች፣ ማታ ግን ሆድ ይብሳታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጓሮው መዝጊያ ተንሲጠጠ። ከኋላዋ ድንጋይ ተጣለ፣ ሰንሰለት ተንሿሿ፣ ወታደሮቹ ወጡ። አዲሱ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ማንጠግቦሽ ያንን ጉሮሮ ከሺህ ሰው መካከል ታውቀዋለች። መዞር አትችልም። ዓይኗን ጉልላት ትከሻ ላይ ተክላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አጠፋህ?»

«አዛጋሁ።»

እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። ተናደደችም።

«ምነው ቤትህ ብትቀመጥ! እኔ ለምን የገባሁ መሰለህ?»

«ተቀምጬ ነበር» አለ ይርዳው። «ዘርፌ ገበያ ሄዳለች አለችኝ። እንዲህ ያለ ገበያ የለም አልኳት። አለቀሰች፣ ነገረችኝ።» ድንጋዩ ላይ ተመቻቸ። «ንጉሡ ለከርሞ ከኋላ አምስተኛው ይፈታ ብለዋል። አሁን እኔ አንድ፣ አንቺ ሁለት ነሽ።»

«ሦስት ሰው ይጎድላል» አለች ማንጠግቦሽ፤ ሳታስበው ነው የቆጠረችው።

«አውቃለሁ። ዘርፌ አደባባይ ናት፤ አዋጁ እስኪጀመር እየጠበቀች ነው። ሁለቱ ወንድማማቾችም ተራ ይዘዋል።»